እናቶቻችንን ወደ ሐይቁ ዳር መንገድ እናውጣቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን የማገኘው ከእንጀራ ጋር ነው። ዓርብ ከሥራ ስወጣ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ በር አጠገብ ተደርድሮ ይጠብቀኛል፤ አንድ አነሳለሁ። እኔ ርእሶቹን ገልጬ ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። እናቴ ግን መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ የጠበቃውን፣ የጥርስ ሐኪሙንና የቤት ሽያጩን ማስታወቂያ ሳይቀር ታነበዋለች። ባለፈው ሳምንት አንብባ ስትጨርስ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና «እነዚህ ልጆች ስለዚያ መንገድ አንድም ቀን አልጻፉም። ለምን አትጽፊላቸውም?» አለችኝ። የእናት ትእዛዝ ነውና እነሆ ጻፍኩ።

«ያ መንገድ» የምትለው ከላስ ቬጋስ በስተ ምሥራቅ፣ ሌክ ሚድ የሚባለው ሐይቅ ዳር፣ በበረሃው ተራራ ወገብ ላይ የሚሄደውን የጥንት የባቡር መንገድ ነው። ሃዲዱ ተነስቶ ዛሬ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ስለዚህ መንገድ የምለው ብዙ አለኝ፤ መጀመሪያ ግን እናቴ ከመንገዱ በፊት እንዴት እንደነበረች ልንገራችሁ። የደብዳቤዬ ምክንያት እሱ ነውና።

ላስ ቬጋስ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በአንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። አልጋ ማንጠፍ፣ መታጠቢያ ቤት መፈግፈግ፣ ከባዱን ጋሪ በምንጣፍ ላይ መግፋት፤ ሥራው ይኸው ነው፤ የሚሠሩት እህቶቼ ያውቁታል። እናቴ ኅዳር ላይ ከድሬዳዋ መጣች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ትንሽ ግፊት አለባት፣ ቀኝ ጉልበቷም ያስቸግራታል። ከአሥር ዓመት በላይ ስናፍቃት ኖሬ፣ በመጣች በሳምንቷ ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባ ሰው ሆንኩባት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ የሚያየው የመኪና ማቆሚያ ነው። እናቴ ከመስኮቱ አጠገብ ወንበር አስጠግታ ቀኑን ሙሉ መኪናዎቹን ትቆጥር ነበር። «ያቺ ነጭ መኪና ዛሬ አልተንቀሳቀሰችም፤ ባለቤቷ ታሞ ይሆን?» ትለኛለች ማታ ስገባ። የማታውቀውን ሰው ጤና በመኪናው ትጠይቅ ነበር።

ቡና ልትቆላ አንድ ቀን ሞከረች። የጭሱ ደወል ጮኸ፤ ሲጮኽ ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ቤቱ ሊቃጠል ነው ብላ በባዶ እግሯ ደረጃውን ወርዳ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ቡና መቁላት ተወች። ደግሞስ ከማን ጋር ትጠጣዋለች? ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣ የነበረበት ቡና ነው። ሐኪሙ «ትራመድ» አለኝ። ጎዳናው ስድስት መኪና ጎን ለጎን የሚሄድበት፣ ዛፍ የሌለበት ነው፤ የት ትራመድ? የመኪና ማቆሚያውን መዞር ጀመረች። አንድ ማታ ራት አቅርቤ «ዛሬስ ወጣሽ እማዬ?» ስላት «አዎ፣ ግቢውን እንደ እስረኛ ሦስት ጊዜ ዞርኩ» አለችኝ። ቂም ይዛ አይደለም፤ የሆነውን ነው የነገረችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሳያት ደግሞ ብቻዋን እንዳልሆነች ገባኝ። ከቅዳሴ በኋላ እናቶቹ አንድ ጥግ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። የልጅ ልጅ ሊይዙ የመጡ ናቸው፤ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከአዳማ። ጨዋታቸው ሁሉ ስለሚመለሱበት ቀን ነው። አንዷ ለስምንት ወር ያህል ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም እንዳልሄደች ለእናቴ ስትነግራት ሰማሁ። ልጇን አውቀዋለሁ፤ መልካም ልጅ ነው፤ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ቀን የሚተኛ ነው። ፍቅር ጎድሎ አይደለም፤ ጊዜ ጎድሎ ነው፤ ከጊዜውም በላይ የት እንደሚወሰዱ አለማወቅ ነው። እንግዳ ሲመጣብን የምናውቀው የቁማር ቤቶቹን መብራት ማሳየት ነው፤ ከዚያ የገበያ አዳራሹን፤ ከዚያ በቃ። እናቴ መብራቱን አንድ ምሽት አይታ «ጥሩ ነው፤ ጫጫታው ግን ራሴን አመመኝ» አለች። ዳግመኛ አልጠየቀችም።

እረፍቴ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ታኅሣሥ ላይ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዋን አስለብሼ፣ ሻይ በፔርሙስ፣ ቆሎና ዳቦ በከረጢት ይዤ፣ ውኃ መኪናው ላይ ጭኜ ወሰድኳት። ከቤታችን አርባ ደቂቃ ያህል ነው። በኢንተርስቴት 11 ወደ ቦልደር ሲቲ ትወጣላችሁ፤ ከተማዋን እንዳለፋችሁ ቁልቁል ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ በግራ በኩል ይገኛል። የጎብኚዎች ማዕከሉ ከመግቢያ ክፍያው ኬላ በፊት ነው። ከማዕከሉ በታች መኪና ማቆሚያ አለ፤ መንገዱ ከዚያ ይጀምራል። አቀበት የለውም። ሰፊ ነው፤ አራት ሰው ጎን ለጎን እያወራ ይሄድበታል። ባቡር ከባድ ጭኖ አቀበት መውጣት ስለሚከብደው ተራራውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን በድንጋይ ሞልተው፣ ሜዳ አድርገው ነው የሠሩት። እናቴ ይህን ከእኔ ቀድማ አወቀችው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሸመንደፈር ሠራተኛ ነበር፤ ድሬዳዋ በባቡሩ ጥገና ክፍል ውስጥ። ከተማችን ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ሃዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ባይደርስ ኖሮ፣ ወደ ሐረር ያለው አቀበት ለባቡር ባይከብድ ኖሮ፣ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር። እናቴ በልጅነቷ ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው በሃዲዱ ላይ ነው። ከሃዲዱ ሥር በአግድም የተነጠፉት ተሸካሚዎች ሁሉ በአንድ ልክ የተራራቁ ስለሆኑ፣ በላያቸው የሚሄድ ልጅ እርምጃውን በእነሱ ልክ ይለምዳል። መንገዱን ይዘን አንድ አሥር ደቂቃ እንደሄድን እግሯን አየሁት። በመኪና ማቆሚያው ስታዞር እግሯን እየጎተተች፣ ግራ ቀኝ እያለች ነበር። እዚህ ግን እርምጃዋ እኩል ሆኗል፤ ሳይሰፋ፣ ሳይጠብ፣ አንዱ ከአንዱ ጋር የተለካ። ሃዲዱ ከተነሳ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መሬቱ ላይ የሚቆጠር ነገር የለም። እሷ ግን የማይታየውን እየቆጠረች ትረግጥ ነበር። «ይህ የባቡር መንገድ ነው» አለች። ገና አልነገርኳትም ነበር።

በየመንገዱ ታሪኩን የሚናገሩ ሰሌዳዎች ተተክለዋል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው። ልጄ አብሮን በመጣ ቀን ለአያቱ እየተረጎመላት ነው በደንብ የተረዳነው። መንገዱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ሐይቁን የፈጠረው ሁቨር ግድብ ሲሠራ ዕቃ ለማመላለስ። ተራራውን ሰንጥቀው አምስት ዋሻ አወጡለት፤ የእያንዳንዱ ስፋት ሰባት ሜትር ተኩል ያህል፣ ርዝመቱ ዘጠና ሜትር ገደማ ነው። ለባቡር ብቻ ቢሆን ያን ያህል ባላስፈለገ፤ ለግድቡ የሚገባው የብረት ቧንቧና ግዙፉ መሣሪያ እንዲያልፍ ነው እንዲህ ያሰፉት። የመጨረሻው ባቡር የሄደው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሣሪያ ለማድረስ። በማግሥቱ ዓመት ሃዲዱ ተነቅሎ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ይህን ስትሰማ እናቴ ዝም አለች። የእኛንም አሮጌ ባቡር አስባ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ፉርጎዎቹ ቆመው ሲዝጉ በየቀኑ እያየች የኖረች ሴት ናት።

የመጀመሪያው ዋሻ ከመነሻው ሁለት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ቀስ ብለን፣ እየቆምን፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ከበረሃው ብርሃን ወደ ዋሻው ሲገባ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ንፋሱ ነው፤ እንደ እንስራ ውስጥ ቀዝቃዛ ነው። ዓይን እስኪለምድ ድረስ እናቴ እጄን ያዘች። ከዚያ ለቀቀችኝና ወደ ግድግዳው ሄደች። ዓለቱ አልተለሰነም፤ በድማሚት የተፈነቀለበት ሥፍራ ሁሉ ስለቱ እንዳለ ነው። መዳፏን አስደግፋ ቆመች። ሽማግሌ እጅ ነው፤ ደም ሥሩ ወጥቷል፤ ቀለበቷ ላልቶ ወደ አንጓዋ ወርዷል። ዓለቱን ቀስ ብላ ወደ ጎን ዳበሰችው፤ ልክ የሰው ጀርባ እንደሚዳበስ። «ስንት ልጅ አልቆበት ይሆን?» አለች። በግድቡ ሥራ ላይ የሞቱት በይፋ የተመዘገቡት 96 እንደሆኑ ስነግራት ለሁሉም «ነፍስ ይማር» አለች፤ ድምፅዋ በዋሻው ውስጥ ተመልሶ መጣ። ከላይ በእንጨቱ ድጋፍ መካከል የሌሊት ወፎች አሉ፤ ሰው አይነኩም።

ከዋሻ ወደ ዋሻ ሲወጣ ሐይቁ በግራ በኩል ከታች ይታያል። ውኃው ሰማያዊ ነው፤ ዙሪያው ያለው ተራራ ግን ቡናማና ቀይ ነው፤ ሣር የለው፣ ዛፍ የለው። በሐይቁ ማዶ አናቱ እንደ ገበታ የተደለደለ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ተራራ አለ። እናቴ አይታ «ፈንታሌ ሥር ያለው ድንጋይ!» አለች። መተሐራን በባቡር ያለፈ ሰው ያን ጥቁር ድንጋይ አይረሳውም። ከዚያ የሐይቁን ዳር ዙሪያውን የከበበውን ነጭ መስመር አሳየችኝ፤ በተራራው ላይ እንደ ኖራ የተቀባ፣ ከውኃው በላይ እጅግ ከፍ ብሎ የቀረ። ውኃው ድሮ እስከዚያ ይደርስ ነበር፤ ሲሸሽ ማዕድኑን ድንጋዩ ላይ ትቶ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሐይቁ በ1930ዎቹ ከሞላ ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ ዝቅ ብሎ ነበር። ላስ ቬጋስ ከሚጠጣው ውኃ ዘጠና በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በዚሁ ሐይቅ በኩል የሚመጣ ነው። ይህን ነግሬያት ቤት ስንመለስ ቧንቧውን ጥርሷን እስክትፋቅ ድረስ ክፍት መተው አቆመች፤ ልጆቹንም ትቆጣለች።

እዚያው ቆመን በሰቃን አነሳች። በሰቃ መተሐራ አጠገብ ያለው ሐይቅ ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት ከጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ኩሬ ነበር፤ ዛሬ ከአርባ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። እየሰፋ መጥቶ ሃዲዱንና አውራ ጎዳናውን ስለተጠጋ ሁለቱንም በድንጋይና በአፈር ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። «እኛ በባቡር ስናልፍ ውኃው በሁለቱም በኩል ነበር» አለች፤ «በመስኮት እጅሽን ብትዘረጊ የምትነኪው ይመስላል። እዚያ ሐይቁ ወደ ሃዲዱ ይመጣል፤ እዚህ ደግሞ ሐይቁ ከሃዲዱ ይሸሻል።» የሁለቱን አገር ሐይቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ስታስተያያቸው፣ ይህችን ሴት ፎቅ ላይ ዘግቼ መኪና እንዳስቆጠርኳት አስቤ አፈርኩ።

በሦስተኛው ጉዟችን እስከ ግድቡ ሄድን። ከመነሻው እስከ ግድቡ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱ ለእሷ ስለሚበዛ ልጄ መኪናውን አዙሮ ግድቡ ጋ ባለው ማቆሚያ ጠበቀን። መንገዱ ከአምስተኛው ዋሻ በኋላ ከበድ ያለ ቁልቁለት ስላለው ጉልበት ለሚያመው ሰው ከዋሻዎቹ መመለሱ ይበቃል፤ እናቴ ግን ግድቡን ሳላይ አልመለስም አለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለዓባይ ግድብ ከጡረታዋ ቦንድ ገዝታለች፤ የቦንዱን ወረቀት ከጋብቻ ፎቶግራፏ ጋር በአንድ ሳጥን ነው የምታስቀምጠው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ደውላልኝ እያለቀሰች ነበር። ሁቨርን አሻግራ እያየች «ከእኛው ይበልጣል?» አለችኝ። ግድግዳው ይረዝማል፤ 221 ሜትር ነው፣ የእኛ 145። ውኃው ግን፣ የእኛው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲይዝ ይኼኛው ሞልቶም ቢሆን የዚያን ግማሽ አይሞላም። ነጠላዋን አስተካከለችና «እንግዲህ እግዚአብሔር ውኃውን አይንሳን» አለች፤ ነጩን መስመር እያየች።

ስንመለስ በቦልደር ሲቲ ሄመንዌይ በሚባለው መናፈሻ እንቆማለን። ቀንዳቸው እንደ ጥምጥም የተጠቀለለ የተራራ የዱር በጎች ከገደሉ ወርደው የመናፈሻውን ሣር ይግጣሉ። በብዛት ይመጣሉ፤ ከሰው አይሸሹም፤ ቢሆንም መጠጋትም መመገብም አይገባም። እናቴ «ዋልያ» ትላቸዋለች፤ ልጄ ሊያርማት ሲሞክር ተቆጣሁት። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ሻያችንን የምንጠጣው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ ይህን ሳልጽፍ ሰውን ወደዚያ መንገድ ብጠራ ኃጢአት ይሆንብኛል።

አገሩ በረሃ ነው። እኔ ከመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ጁላይ ላይ፣ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር በዚሁ መንገድ ሄደናል። ሁለታችንም ወጣቶች ነን፤ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ምን ይመጣብናል ብለን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ተነሳን። በእጃችን የያዝነው አንዳንድ ትንሽ ጠርሙስ ውኃ ነው። መነሻው ላይ ስለ ሙቀት የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ነበር፤ አላነበብነውም፤ አልፈነው ሄድን። በሁለተኛው ዋሻና በሦስተኛው መካከል ጓደኛዬ ማላብ አቆመች። እኔ በርዷት መሰለኝ። ቀጥሎ የምትናገረው ተዘበራረቀ፤ በማላውቀው ስም ትጠራኝ ጀመር፤ ከዚያ እግሯ ከዳት። ስልኬ አይሠራም ነበር። አንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት ባይደርሱልን ምን እንደሚሆን አላውቅም። ወደ ዋሻው ጥላ ጎትተን አስገባናት፤ ሴትዮዋ የራሷን ሻሽ አርጥባ አንገቷ ላይ አደረገችላት፤ ሰውዬው ስልክ እስከሚሠራበት ድረስ ሮጠ። ሆስፒታል አድራ ዳነች። ያን ቀን ሁለት ጠርሙስ ውኃ የሰጡንን ሰዎች ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ የሚከተለውን ሕግ አላፈርስም። የምንሄደው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። በሚያዝያ ከሆነ ገና ሳይሞቅ በጠዋት ገብተን፣ ከ4 ሰዓት በፊት መውጣት ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ አረጋዊ ይዞ መሄድ ፈጽሞ አይገባም። ጁላይ 7 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ ውስጥ 120 ፋራናይት፣ በእኛ ልማድ 49 ዲግሪ ማለት ነው፣ ተመዝግቧል፤ እስከ ዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ የባሰ ነው። ግድቡን ሊሠሩ እ.ኤ.አ. በ1931 ከመጡት ሠራተኞች መካከል፣ ያን የመጀመሪያ የሙቀት ወራት ከአሥር በላይ የሚሆኑት በሙቀት ብቻ ሞተዋል። ውኃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ያዙ፤ በመንገዱ ላይ ምንም አይገኝም። ጥላ ያዙ። የዝናብ ጥላ ማለቴ ነው፤ እናቶቻችን ድሮም ፀሐይ ሲበረታ የሚዘረጉትን። ዛፍ በሌለበት አገር ከዚያ የተሻለ ነገር አላገኘሁም፤ የአገሩ ሰዎችም አይተው «ጥሩ ሐሳብ ነው» ይሉናል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ብቻ የሚነገር አለ፤ በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ዐቢይ ጾም የሚገባው አየሩ በሚያምርበት ጊዜ ነው። እናቶቻችን እስከ 9 ሰዓት ውኃ አይቀምሱም። ውኃ ያልጠጣ ሰው፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በበረሃ ፀሐይ አይሂድ፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም። በጾም ወቅት ጉዞውን ከቅዳሴና ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል ማድረግ ይሻላል፤ ወይም ቅዳሜንና እሑድን መምረጥ። የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንኩ የሙስሊም እህቶቼንም አልረሳም፤ በረመዳን ቀኑን ማለፍ ነው። መንገዱ ፀሐይ ስትገባ ስለሚዘጋ ካፈጠሩ በኋላ መሄድ አይቻልም። ዳመና በተራራው ላይ ሲከማች ካያችሁም ተመለሱ። እናቴ ይህን ለመረዳት ማንም አላስፈለጋትም፤ ደረቁን ሸለቆ አይታ «ደቻቱም እንዲህ ደርቆ ነው የሚውለው» አለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የሚያቋርጠው ወንዝ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሰፈር ጠርጎ ሲሄድ እዚያው ነበረች።

ከጋዜጣው ዝግጅት ክፍል የምጠይቀው ይህ ነው። ከመጋቢት በፊት በአንዱ እትማችሁ፣ በግማሽ ገጽም ቢሆን፣ ወደ መንገዱ የሚወስደውን አቅጣጫ፣ የሚሄድበትን ወራትና የሙቀት ምልክቶቹን በአማርኛ አውጡልን፤ ፊደሉ ተለቅ ያለ ይሁን፤ የሚያነቡት መነጽር የሚያደርጉ ናቸው። ላብ ሲቋረጥ፣ ንግግር ሲዘበራረቅ፣ ራስ ሲዞር ምን እንደሚደረግ ይኑርበት። እኔና ጓደኛዬ ያን ቀን በቋንቋችን አንብበነው ቢሆን ኖሮ አልፈነው ባልሄድን ነበር። ቆርጠው ማቀዝቀዣቸው ላይ የሚለጥፉት ብዙ ናቸው፤ እናቴ አንዷ ናት።

ለየአብያተ ክርስቲያናቱ ሰበካ ጉባኤያትና ለየእድሩ ኃላፊዎችም በጋዜጣችሁ በኩል ይድረስልኝ። ለልጆች ክረምት ትምህርት፣ ለወጣቶች ኳስ አለን፤ ደግ ነው። ለእነዚያ ጥግ ለሚቀመጡ እናቶችና አባቶች ግን ምንም የለንም። አንድ ትልቅ መኪና፣ አንድ ሹፌር፣ በወር አንድ ጠዋት ይበቃል። ታክሲ የምትነዱ ወንድሞች፣ ማለዳ ሥራ ስታበቁ ወደ መኝታ ከመሄዳችሁ በፊት እናታችሁን ከደጅ አድርሳችሁ ብትመለሱ፣ እኛ እንመልሳታለን። ይህን የምለው ለሥራችሁ ሳላዝን አይደለም፤ እኔም በእግሬ ቆሜ የምውል ሰው ነኝ፤ በእረፍት ቀኔ ከአልጋ መነሳት ምን እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ዋሻው ጋ ስደርስ የእኔም ወገብ ይቀለኛል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እናቴ አሁን መኪና አትቆጥርም። ሰኞ ማታ ቆሎዋን ራሷ ትቆላለች፤ መስኮቱን ከፍታ፣ በትንሽ እሳት፣ ደወሉ እንዳይጮኽ። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት እናቶች አብረውን መምጣት ጀምረዋል። ስምንት ወር የትም ያልሄደችው አንደኛዋ ናት። የመጀመሪያውን ዋሻ ስታይ እልልታ ለቀቀች፤ ዋሻው መልሶ እልል አለ፤ ከማዶ የሚመጡ ሰዎች ቆመው ሰሙ።

የእናቴ የመመለሻ ቲኬት ለግንቦት መጀመሪያ ነው። እስከዚያ፣ ሙቀቱ እስካልመጣ ድረስ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከጎብኚዎች ማዕከሉ በታች ባለው ማቆሚያ እንገኛለን። በነጠላዋና በሰማያዊ ጥላዋ ታውቋታላችሁ። ሻይ አለ፤ ስኒ ግን ሦስት ብቻ ስለሆነ የራሳችሁን ያዙ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
የድሬዳዋ ልጅ፣ ከላስ ቬጋስ